ነገ ሮክ ምን ይመስላል? ከጅማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ጊታር አዝሎ ባጃጅ የሚሳፈር ሰው ጥያቄ አያጣም። ሹፌሩ ይጠይቃል፣ አብሮት የተሳፈረው ይጠይቃል፣ የልምምድ ቤቱ ጎረቤቶች ይጠይቃሉ። ሁሉም የሚያጠነጥነው ነገ ላይ ነው። ሮክ ወዴት እየሄደ ነው? ቀጥሎ ምን ዓይነት ይመጣል? እኛስ ጋ ይደርሳል ወይ? ደጋግመው የሚመጡትን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። መልሶቹ ውስጥ ታሪክም ግምትም አለ። ግምቱን የጻፍኩት ደስ እያለኝ ነው፤ ግን ከልቤ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሮክ ሞቷል ይባላል። እውነት ነው?

አልሞተም። ሞተ ተብሎ ለቅሶ ሲቀመጡለት ግን ይሄ የመጀመሪያው አይደለም።

ገና በ1950ዎቹ መጨረሻ ያለቀለት መስሎ ነበር። ሊትል ሪቻርድ በ1957 መድረኩን ትቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1958 ወታደር ሆነ። ባዲ ሆሊ በ1959 መጀመሪያ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ያኔ «በቃ፣ ይሄ ነገር አለቀ» ያለ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። አምስት ዓመት ቆይቶ ግን ቢትልሶች አሜሪካ ገቡና ነገሩ ሁሉ እንደገና ተጀመረ።

የቅርቡ መርዶ የመጣው በ2017 ነው። በአሜሪካ ሂፕ ሆፕና አር ኤንድ ቢ አንድ ላይ ሮክን በገበያው ለመጀመሪያ ጊዜ በለጡት። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሞት ቆጠረው። እኔ እንደ እረፍት ነው የማየው። የገበያው ዓይን ሲነሳለት ወጣቱ የፈለገውን መሞከር ይችላል። የሚያስደስቱኝ የሮክ ዓይነቶች አብዛኞቹ የተወለዱት ማንም ባላያቸው ክፍል ውስጥ ነው።

አዲስ የሮክ ዘውግ ከየት ነው የሚመጣው?

አብዛኛውን ጊዜ ከጉድለት።

ቶኒ አዮሚን እንውሰድ። በርሚንግሃም ከተማ ውስጥ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በ17 ዓመቱ ማሽን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫንባቸው ጣቶች እነሱ ነበሩ። ለጊታሪስት ከዚህ የከፋ ነገር የለም። እሱ ግን የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው። ቀጫጭን ክሮችን መጠቀም ጀመረ። ቆየት ብሎም ክሮቹን አላልቶ ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ቃኘው። ያ ዝቅ ያለ፣ ከባድ፣ የሚያስፈራ ድምፅ የብላክ ሳባዝ መለያ ሆነ። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1970 ወጣ፤ ከሱ በኋላ የመጣው ሄቪ ሜታል በሙሉ የዚያ ዘር ነው።

ዴቭ ዴቪስም አለ፣ የኪንክስ ጊታሪስት። የአምፕሊፋየሩ ድምፅ አልጥምህ ቢለው ስፒከሩን በምላጭ ቀደደው። በ1964 ዓለም የሰማው ያ የሚሻክር ድምፅ የተቀደደ ስፒከር ድምፅ ነው። ራሞንሶች የሚባሉ አሜሪካውያን ደግሞ ረጅም ሶሎ ለመጫወት አልሞከሩም፤ አጭርና ፈጣን ዘፈን ነበር የሚፈልጉት። በ1976 ባወጡት አልበም 14 ዘፈን ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ጨረሱ። ፐንክ የሚባለው ዘውግ በዚያ መንገድ ሄደ።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው ግን የቲናሪዌን ታሪክ ነው። ከሰሃራ በረሃው የቱዋሬግ ሕዝብ የወጡ ስደተኞች ናቸው። የባንዱ መሥራች ኢብራሂም አግ አልሐቢብ ልጅ ሳለ የመጀመሪያ ጊታሩን ከጣሳ፣ ከእንጨትና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው የሠራው። በ2012 ባንዱ ግራሚ ተሸለመ። ዛሬ የበረሃ ሮክ ሲባል ዓለም የሚያውቀው እነሱን ነው።

አዲስ ዘውግ በስብሰባ አይወለድም። ሰው ያለውን ይዞ በሌለው ነገር ዙሪያ መንገድ ሲፈልግ የሚወጣ ድምፅ ነው። ስለ ወደፊቱ የምገምተው ነገር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

በአፍሪካ ከዚህ በፊት ሆኖ ያውቃል?

ከቲናሪዌን በፊትም ሆኗል። ዛምቢያ በ1970ዎቹ ዛምሮክ የሚባል የራሷ ሮክ ነበራት። የመዳብ ገንዘብ ነበር። ሬዲዮው አብዛኛውን የሀገር ውስጥ ሙዚቃ እንዲያጫውት ፕሬዚዳንት ካውንዳ አዘዙ። ወጣቶቹም የሚያሻክር ጊታር ከሀገራቸው ምት ጋር ቀላቀሉ። ኋላ የመዳብ ዋጋ ወደቀ፣ ኤድስም ብዙዎቹን ሙዚቀኞች ወሰደ። ታሪኩ እዚያ ያበቃ መስሎ ነበር። ነገር ግን ዊች የሚባለው የዛምሮክ ባንድ ድምፃዊ ጃጋሪ ቻንዳ ተርፎ፣ የከበረ ድንጋይ እየቆፈረ ኖሮ፣ በስተርጅና ወደ መድረክ ተመለሰ። ባንዱ በ2023 አዲስ አልበም አወጣ።

ቦትስዋና ውስጥ ደግሞ የራሱ አለባበስ ያለው የሜታል ማኅበረሰብ አለ። ናይሮቢ ውስጥ ዱማ የሚባሉ ሁለት ልጆች በ2020 ሜታልን ከኤሌክትሮኒክ ጩኸት ጋር አቀላቅለው አስደንጋጭ አልበም አወጡ። ጎረቤቶቻችን ሥራ ላይ ናቸው።

ስለ ሮክ ነገ ለማውራት ጅማ ምን አላት?

የመጀመሪያው መልስ ሙላቱ አስታጥቄ ነው። የኢትዮ ጃዝ አባት የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው፤ በ1943። ወደ ዌልስ የተላኩት ኢንጂነሪንግ እንዲማሩ ነበር። ሙዚቃ አሸነፈ። ለንደን ተማሩ፤ ከዚያ ቦስተን በርክሊ ገቡ። በዚያ ትምህርት ቤት የተማሩ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ናቸው።

የሠሩት ሥራ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከምዕራቡ ባለ አሥራ ሁለት ድምፅ ጋር አጋቡ። ከባዱ ነገር ቅኝቱ ሳይጠፋ ማጋባቱ ነበር። ጃዝ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ቀለሙን ሳይለቅ ገባ፤ የኛም ዜማ ቀለሙን ሳይለቅ ተቀበለው። አሁን ከየትኛውም አህጉር የመጣ ወጣት ሁለት ስንኝ ሰምቶ «ይሄ ኢትዮጵያ ነው» ይላል።

ሮክ ገና እንዲህ ያለ ሰው አላገኘም። ጅማ አንድ ጊዜ አውጥታለች። ሁለተኛ የማታወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሮክ አለ እንዴ?

እንዴታ! በደጉ ዘመን አለማየሁ እሸቴ የኢትዮጵያ ኤልቪስ ይባል ነበር። በኛ ጊዜ ጃኖ ባንድ መጣ። «ኤርታሌ» የተባለው የመጀመሪያ አልበማቸው ፕሮዲዩሰር አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ ዘ ኤክስ ከሚባሉ የኔዘርላንድ ፐንኮች ጋር በ2006 አልበም አወጡ። ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን ሲያወርዱት የኖሩ ሰው ናቸው። ፐንኮቹ ያንን ሰምተው የራሳቸው ዘመድ መሆኑን አወቁ። ያልሰማችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ስሙት።

ጊታር የኛን ቅኝት በትክክል መጫወት ይችላል?

አንዳንዱን ያለ ምንም ችግር። ትዝታ ሜጀርን ውሰዱ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። የትም ሀገር ያለ የሮክ ተማሪ መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ እነዚሁ አምስት ድምፆች ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው ከአካሄዱ ነው። የት ታርፋለህ? የቱን ትደጋግማለህ? የቱን ታዘገየዋለህ?

አንቺ ሆዬ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይከብዳል። ክራርና ማሲንቆ የሚቃኙት በጆሮ ነው። የጊታር ፍሬት፣ አንገቱ ላይ በየርቀቱ ያለው ብረት፣ ግን ፋብሪካ ውስጥ ተለክቶ የተመታ ነው። ልምምድ ቤት ውስጥ አንድ ልጅ አንቺ ሆዬን ሲፈልግ አይቼዋለሁ። የቀለበት ጣቱን ሦስተኛው ክር ላይ አሳረፈ። ድምፁ ወጣ፤ ግን ባዳ ነው። ክሩን በጣቱ ወደ ላይ ገፋ አደረገው። ገና ነው። ትንሽ ጨመረ። ጥፍሩ ነጭ እስኪሆን ገፋው። እዚያ ሲደርስ ጥግ ላይ ከበሮ ታቅፎ የተቀመጠው ጓደኛው ሳይጠየቅ መምታት ጀመረ።

የሮክ ጊታር ደግሞ ክር መግፋት ተፈጥሮው ነው። ብሉዝ ካስተማረው ጊዜ ጀምሮ ሲገፋ ኖሯል። ስለዚህ ጊታር እንግዳ መሣሪያ ነው የሚለውን ክርክር አልቀበልም።

እሺ፣ ከጅማ ምን ምን ዓይነት ሮክ ይወጣል ብለህ ትገምታለህ?

ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

አንደኛ፣ የክረምት ሮክ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ጣሪያችን ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ልምምድ መሀል ዝናቡ ሲጀምር መጀመሪያ ሲምባሉ ይጠፋል። ቀጥሎ ድምፃዊው ይጠፋል፤ አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ታያለህ። ዝናቡ ሲጠነክር የጊታሩም ነገር ያበቃል። የሚቀረው ቤዝ ነው፤ እሱም በእግርህ በኩል ነው የሚሰማህ። እስካሁን ባንዶች በዚህ ጊዜ መሣሪያ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ሹጌዝ የሚባለውን፣ የጊታር ድምፅ የሚደራረብበትን ሮክ የሚጫወቱ የእንግሊዝ ባንዶች በ1980ዎቹ መጨረሻ ያን የድምፅ ግድግዳ ለመሥራት መሬቱን ድምፅ በሚለውጥ ፔዳል ሞልተውት ነበር። እኛ ግድግዳውን ሰማይ ይሰጠናል። አንድ ቀን አንድ ባንድ ዝናቡን መጠበቅ ትቶ አብሮት ይጫወታል። ዘፈኖቹ ረጅምና ዝግ ያሉ ይሆናሉ፤ ቤዙ ዜማውን ይይዛል። አልበሙ በሐምሌ ይለቀቃል። በጥር ኮንሰርት ሲደረግ ታዳሚው «ድምፁ ጎደለ!» ብሎ ያማርራል፤ አዘጋጆቹም ጣሪያ ላይ በፓምፕ ውሃ ይረጫሉ።

ሁለተኛ፣ ጌራርሳ ሜታል። ጌራርሳን የሰማ ሰው ይገባዋል። አንድ ሰው ይነሳል። ጀግንነቱን፣ ዘሩን፣ ያየውን መከራ ያወርዳል፤ አጃቢው ይቀበለዋል። ድምፁ ከሆድ ነው የሚመጣው። የሜታል ዘፋኞች ያን የጉሮሮ ድምፅ ለማውጣት ዓመታት ይለማመዳሉ። ሞንጎሊያዎቹን ዘ ሁ ተመልከቱ። በ2016 ተመሠረቱ፤ ባለ ፈረስ ራሱን ባህላዊ መሣሪያቸውንና የአያቶቻቸውን የጉሮሮ ዜማ ይዘው መጡ። ዛሬ ዓለምን ይዞራሉ። አንድም ቃላቸው የማይገባው ሰው አብሯቸው ይጮሃል። ጌራርሳ ከዚህ በምን ያንሳል? ይህን ከግምት አልቆጥረውም፤ በጉጉት የምጠብቀው ነገር ነው። የመጀመሪያውን ኮንሰርት ፊት መስመር ላይ ቆሜ ነው የማየው።

ሦስተኛ፣ የድንካ ዱም። ዱም ሜታል የሚባለው ዘውግ በጣም ቀርፋፋና በጣም ከባድ ነው። ጎረቤታችን ዳውሮ ደግሞ ከቀርከሃ የሚሠራው ረጅሙ ድንካ አለ። በቡድን ይነፋል፤ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ በተራው እየጣለ ዜማው ይሞላል። ያንን ድምፅ ከቤዝ ጊታር አጠገብ አስቡት። ችግሩ ማጓጓዣ ነው። ድንካ ይዞ ባጃጅ አይገባም። ስለዚህ የድንካ ዱም ባንዶች የመጀመሪያ ወጪያቸው አይሱዙ መከራየት ይሆናል።

አራተኛ፣ የቡና ሮክ። ይሄኛው ስለ ድምፅ ሳይሆን ስለ አሠራር ነው። በ1970ዎቹ የፕሮግረሲቭ ሮክ ባንዶች የሸክላውን አንድ ገጽ በአንድ ሙዚቃ ብቻ ይሞሉ ነበር። የጅማ ባንድ አንድ ሪፍ፣ ማለትም የሚደጋገም አጭር የጊታር ዜማ፣ ይዞ ሦስት ጊዜ ያፈላዋል። አቦል ላይ ሁሉም መሣሪያ አለ፤ ወፍራም፣ የሚያነቃ። ቶና ላይ አንዱ ጊታር ይወጣል፤ ያው ሪፍ ይሳሳል፤ ጨዋታው ይደራል። በረካ ላይ ቤዝና ድምፅ ብቻ ይቀራሉ። ሳይባረክ መውጣት ደግሞ ነውር ነው። እንዲህ ያለ ኮንሰርት ላይ ማንም ቀድሞ ወደ በሩ አይሄድም።

አምስተኛ፣ የማይቆጠር ሮክ። ማዝ ሮክ የሚጫወቱ ፈረንጆች ባለ አምስትና ባለ ሰባት ምት ዘፈን ሲሠሩ በጣታቸው እየቆጠሩ ነው። በኛ ሀገር በትግርኛ ሠርግ ላይ ባለ አምስት ምቱን ሙሽራም አክስትም አያትም ሳይቆጥሩ ይጨፍሩታል። ችክችካውም በስድስት ነው የሚሄደው፤ ግራ የሚጋባ ሰው የለም። ማዝ ሮክ እዚህ ሲመጣ ሂሳቡ ይጠፋና ጭፈራው ብቻ ይቀራል።

ዘፈኔ ላይ ማሲንቆ ጨምሬበታለሁ። ይሄ አዲስ ዘውግ አይደለም?

ቆንጆ ዘፈን ሊሆን ይችላል። አዲስ ዘውግ ግን አይደለም።

ማሲንቆውን አውጥተህ ዘፈኑን ስማው። ምንም ካልተለወጠ ማሲንቆው የገባው ለጌጥ ነው። ሙላቱ ክራር ጨምረው አላቆሙም፤ መላ አካሄዱን ነው የለወጡት። ዘፈኑ ከቅኝቱ ይነሳ፣ ድራሙ ከእስክስታው ወይም ከአካባቢው ጭፈራ ይነሳ። ያኔ መሣሪያው በሙሉ የቻይና ስሪት ቢሆን እንኳ የሚሰማው ሰው ከየት እንደሆነ ያውቃል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ስለ መሣሪያ ካነሳን በገናን ጠጋ ብላችሁ እዩት። አሥር ክር አለው። እያንዳንዱ ክር ድልድዩ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ትንሽ ቆዳ ትገባለች፤ እንዝራ ትባላለች። ክሩ ሲነካ ያቺን ቆዳ እየመታ ይንቀጠቀጣል። ያ የሚነዝረው ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። የሮክ ጊታሪስቶች በ1960ዎቹ ዲስቶርሽን ብለው ስፒከር ከመቅደዳቸው ከስንት ዘመን በፊት አባቶቻችን ንዝረቱን አውቀው፣ ወደው፣ ለክተው ሠርተውታል። በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ቦታው ይከበርለት። ወደ መድረክ አውጡት አልልም። ዕውቀቱን ግን መማር ይቻላል። እንዝራን ክራር ላይ የሚሞክር ልጅ እጠብቃለሁ።

መብራት ሲጠፋስ?

ጅማ ዞን ውስጥ ያለው ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህ ሁሉ ሆኖ ልምምድ መሀል መብራት ይሄዳል። ሁላችንም እናውቀዋለን።

እኔ ግን ከዚህ ትልቅ ነገር ይወጣል ብዬ አምናለሁ። ዓለም ኒርቫና የሚባለውን የአሜሪካ ባንድ የወደደው በከፊል ለምንድን ነው? ቀስ ያለ ስንኝ፣ ከዚያ የሚፈነዳ አዝማች ስላላቸው። የኛ ባንዶች ይህን የሚማሩት ከመብራት ኃይል ነው። ዘፈኑ ሲጻፍ በሁለት መልኩ ይጻፋል። መብራት ሲሄድ ድራመሩ ወደ ከበሮ፣ ጊታሪስቱ ወደ ክራር ይዞራል፤ ታዳሚው አዝማቹን ይይዛል። ማንም አይቆምም። መብራቱ ሲመለስ ሁሉም መሣሪያ በአንዴ ይገባል። ሰፈር ውስጥ መብራት ሲመጣ ልጆች በአንድ ድምፅ «መጣ!» ብለው የሚጮሁትን አስቡ። ከዚያ የተሻለ አዝማች ማንም አልጻፈም። ትክክለኛ ሰዓቱን ማንም ስለማያውቅም ሁለት ኮንሰርት አንድ ዓይነት አይሆንም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሮክን ይተካዋል?

በ2025 ቬልቬት ሰንዳውን የሚባል የሮክ ባንድ ስፖቲፋይ ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወርሃዊ አድማጭ አገኘ። ኋላ ሲታይ ባንዱ የለም። ዘፈኑም ፎቶውም የተሠራው በኤአይ ነበር። ይሄ የሚያሳስብ ነገር ነው፤ አቃልዬ አላየውም። በተለይ የድሮ ሮክ የሚመስል ሮክ እየሠራ ለሚተዳደር ሰው።

ግን ማሽኑ የሚማረው የተቀዳውን ነው። ያልተቀዳውን አያውቅም። የአንቺ ሆዬ ትክክለኛ ግፊት፣ የቆርቆሮው ዝናብ፣ የአንድ ሽማግሌ ጌራርሳ ገና እኛ ጋ ነው ያለው። ስለዚህ ቶሎ እንሥራው። በስማችንም እናውጣው፤ ሌላ ሰው ቀድቶ እስኪሸጥልን አንጠብቅ።

ግጥሙ በየትኛው ቋንቋ ይሆናል?

በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ፣ በየምኛ፣ በካፍኛ፣ በዳውሮኛ። ጅማ መናኸሪያ አንድ ሰዓት የቆመ ሰው ይህን ሁሉ ይሰማል። ዘፋኙ በሚያለቅስበት ቋንቋ ይዝፈን። በእንግሊዝኛ መዝፈን ለዓለም ገበያ ግድ ነው የሚሉ አሉ። ቲናሪዌን በቋንቋቸው በታማሸቅ ዘፍነው ነው ግራሚ የወሰዱት።

እናቴ «ይሄ ጩኸት መቼ ነው የሚያልቀው?» ትላለች። ምን ልበላት?

እናትህን አትከራከር። ቡና ሲፈላ አጠገቧ ተቀምጠህ ስለ ፉከራ ጠይቃት። የአባቷ ሀገር ሰው ሲፎክር ትዝ ይላታል። እንዴት ነበር የሚጮኸው? ሰዉስ ምን ይሆን ነበር? ነግራህ ስትጨርስ ዘፈንህን በዝግታው ክፍል ጀምረህ አሰማት። ድምፁን ቀንሰው። የምትወደው ላይሆን ይችላል። ከየት እንደመጣ ግን ይገባታል።

ጥቁር የቆዳ ጃኬት ግድ ነው?

ግድ አይደለም። የቦትስዋና ሜታል ወዳጆች በዚያ ሙቀት ከእግር እስከ ራስ ቆዳ ለብሰው፣ የከብት ጠባቂ ባርኔጣ ደፍተው ይወጣሉ። ያምርባቸዋል፤ የከብት ሀገር ሰዎች ናቸው፣ ቆዳው የራሳቸው ነው። ጅማ ላይ ቆዳ በሐምሌ ይሻግታል። እኔ የምገምተው የዝናብ ካፖርትና ቦት ጫማ ነው።

ለአዲሱ ዘውግ ስም የሚያወጣው ማን ነው?

ብዙውን ጊዜ ጋዜጠኞች ናቸው። ፖስት ሮክ የሚለውን ስም በ1994 ያስፋፋው ሳይመን ሬይኖልድስ የሚባል እንግሊዛዊ ጸሐፊ ነው። ሙዚቀኞች የተሰጣቸውን ስም ሁልጊዜ አይወዱትም። ምክሬ አጭር ነው፤ መጀመሪያ ሦስት ዘፈን ሥሩ። ስም ቀድመው አውጥተው ዘፈን ያላወጡ ባንዶች በየከተማው ሞልተዋል።

የመጀመሪያው ትልቅ ኮንሰርት የት ይደረግ?

ብዙ ልጆች ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይላሉ። ሐሳቡ ሲሰማ ደስ ይላል። እኔ ግን አልስማማም። ቤቱ እንጨት ነው፤ ዕድሜውም ገፍቷል። የቤዝ ድምፅ የእንጨት መገጣጠሚያን ያነቃንቃል። ቅርሳችንን በገዛ ሙዚቃችን አናፍርስ። ከተማው ስታዲየም ይሻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ከዚያም ያነሰ አዳራሽ እመርጣለሁ። ሁለት መቶ ሰው የሞላው ጠባብ ቤት ከሚያስተጋባ ባዶ ሜዳ ይበልጣል።

አሁን መጀመር ለሚፈልግ ሰው ምን ትመክራለህ?

የሠርግ ኦርጋን ተጫዋች ፈልጉና ጓደኛ አድርጉት። ከልቤ ነው። በየሳምንቱ የኦሮምኛውን፣ የአማርኛውን፣ የጉራጊኛውን ምት ሲያጫውት የሚያድር ሰው ነው። የትኛው ምት የቱን ሰው ከወንበሩ እንደሚያስነሳ ያውቃል። የሮክ ድራመር ይህን ዕውቀት ዩቲዩብ ላይ አያገኘውም።

ጊታሩ አሮጌ ቢሆን ችግር የለውም። ክሩን ግን ተጫውታችሁ ስትጨርሱ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ የጅማ እርጥበት ክር ያዝጋል። ትርፍ ክር ሲገኝ ግዙና አስቀምጡ። ልምምዳችሁን ሁሉ በስልክ ቅዱ፤ ጥሩው ነገር የሚመጣው ሳይታሰብ ነው። ከጎረቤት ጋር ሰዓት ተስማሙ። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ ያን ሳምንት አምፕሊፋየሩ አይከፈት፤ ሄዳችሁ ድንኳን ትከሉ። የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅም ቀድሞ የሚሰማው ያ ጎረቤት ይሁን።